ሁለት ጊዜ የታሰረ ክር

የገደለውን ሰው ዓይኑን ከድኖ፣ እጆቹን አመቻችቶ፣ የእግሩን አውራ ጣቶች አንድ ላይ አስሮ የሚሄድ ምን ዓይነት ገዳይ ነው? የወንጀል መርማሪዋ ሰገን ዓንደሚካኤል በዚያ የግንቦት እሑድ ጠዋት፣ በፈረንጆቹ 2013፣ በጀርመን ሽቫንሃይም የኳስ ሜዳ መልበሻ ክፍል በር ላይ ቆማ የጠየቀችው ይህን ነበር።

አብሯት የመጣው ባልደረባዋ ክራውስ መልስ ነበረው። ክራውስ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«ማሰቃየት ነው» አለ። «መጀመሪያ አሰሩት፣ ከዚያ መቱት። የደጋፊ ጠብ ነው።»

ሟቹ ኪዳነወልድ ይባላል፤ ሰው ሁሉ ግን ጋሽ ኪዳኔ ነበር የሚለው። በወጣትነቱ በረኛ ነበር። በስደት አገር ደግሞ «ጮራ» የሚባለውን የኢትዮጵያውያን ክለብ አቋቁሞ ላለፉት አሥር ዓመታት ሊቀ መንበሩም፣ ማሊያ አጣቢውም፣ ዳኛ ለማኙም እሱ ነበር። አሁን በባዶ እግሩ በጀርባው ተንጋሏል። ከጆሮው ጀርባ የደረቀ ደም አለ፤ የሻወሩ ደፍ ጠርዝ ላይም እንዲሁ። የእግሩ አውራ ጣቶች በቢጫ የጫማ ክር ተጠፍረዋል። የክሩ ጫፍ ላስቲክ ተጨፍልቋል።

ሰገንን የያዛት ግን ክሩ ብቻ አልነበረም። ክፍሉ መስኮት አልባና ጠባብ ነው። ሬሳው በሰያፍ ነው የተኛው፤ ራሱ በሻወሩ ማዕዘን፣ እግሩ በሩ አጠገብ ባለው ማዕዘን። እንዲህ እንዲመች አግዳሚ ወንበሩ ከቦታው ተገፍቷል።

«ለምን በሰያፍ?» አለች።

«እንደወደቀ ቀርቶ ነዋ።»

«የወደቀ ሰው ወንበር ገፍቶ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አይተኛም። ይሄ ማሰቃየት አይደለም፣ ክራውስ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይደርቅ እንዲህ ያደርጉለታል። ግነዛ ይባላል። ክብር ነው።»

ክራውስ ሬሳውንም እሷንም አየ። «ገድሎ ማክበር?»

«እኔም እሱን ነው ያልገባኝ።»

ሰገን በአሥራ አንድ ዓመቷ ከጎንደር ወጥታ ካሰል ነው የተማረችው። ካደገች በኋላ «አገሬ ልሥራ» ብላ አዲስ አበባ ገብታ ነበር፤ እዚያ «ፈረንጇ» አሏት፣ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ እዚህ «አፍሪካዊቷ ኮሚሳር» ሆነች። ስለዚህ «እኛ አገር» ባለች ቁጥር አፏን አንዳች ነገር ይይዛታል። የምታውቀው ነው ወይስ ያነበበችው?

ከወንበሩ ሥር ቢጫ የኳስ ጫማዎች ተገኙ፤ የአንዱ ክር የለም። ጫማዎቹ የብሩኪ ነበሩ። ብሩኪ የጮራ አጥቂ፣ የሃያ አራት ዓመት ጥገኝነት ጠያቂ ነው። ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ሰው ሁሉ በስልኩ እየቀረጸው ጋሽ ኪዳኔ ላይ ጮኾበታል። ሲመሽ የት እንደነበር የሚመሰክርለት ሰው የለም፤ ብቻውን በማይን ወንዝ ዳር ሲንከራተት እንዳመሸ ነው የተናገረው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ተያዘ። የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ቀጠሮ፣ ቴርሚኑ፣ የፊታችን ዓርብ ነው። እስረኛ ሆኖ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ለዓመታት የጠበቀው ነገር አለቀ ማለት ነው።

* * *

ለቅሶው ሮደልሃይም በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ሰገን ጥቁር ሹራብ ለብሳ ገባችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንዱ ሐዘንተኛ ሻዩን ፉት አለና ጀመረ።

«ነፍሱን ይማረው። ግን እውነት እንነጋገር፤ ተጫዋች መምረጥ አይችልም ነበር።»

«ኧረ ባክህ አፈር ሳይለብስ!»

«ምን አልኩ? ያንን ጴንጤ ፍጹም ቅጣት ምት ምታ ያለው ማነው? እኔ ነኝ?»

«እሱን ተዉት፤ አሁን ማን ይፈርማል? ፈራይኑ፣ የክለቡ ማኅበር፣ በሱ ስም ነው የተመዘገበው።»

«ሀብቴ ይግዛውና ይገላግለን። ከሽቱትጋርት ሁለት አጥቂ አመጣለሁ ብሏል።»

«ክለብ በግ ነው እንዴ የሚገዛው?»

«በግማ ቢሆን እስካሁን አርደህ በልተኸው ነበር!»

ሳቅ ሆነ። አፍ በእጅ እየከደኑ፣ ግን ሳቅ። ከፊት ለፊት የሟቹ ፎቶ ጓንቱን እንዳጠለቀ ያያቸዋል። ሰገን የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች። ለወንጀል ሬሳ እንጂ ለዚህ የሚሆን ጓንት የለም አለች በልቧ።

የክለቡ አሠልጣኝ ያቆብ ወደ ኮሪደሩ ይዟት ወጣ። ሽበታም፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው። ክለቡን ከኪዳነወልድ ጋር ነበር የመሠረተው።

«ቅዳሜ ምን ሆነ፣ ጋሽ ያቆብ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? ያሳፍራል። ብሩኪ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። የደጋፊው ከበሮ ተጀመረ። ‹ጴንጤ ግብ አያገባም!› እያሉ። ከዚያ እናቱን ሰደቡ። እናቱን! ከዚያ የላስቲክ ጠርሙስ ወረወሩበት። ውሃ መስሎን ነበር።»

«አልነበረም?»

ያቆብ ፊቱን አዞረ። «ሽንት ነበር።»

«ጋሽ ኪዳኔስ?»

«ጨዋታውን አቁሞ ደጋፊው መሐል ገባ። ያንን ከበሮ ከደጋፊዎቹ አለቃ ከዘገዬ እጅ ነጠቀና ‹ዘገዬ ልጁን ይቅርታ እስኪጠይቅ ይህ ከበሮ አይመታም፤ ሰኔ ላይ ለክለቦቹ ውድድርም አትሄዱም› አለ። ልጁ ግን አልበረደለትም። ጫማውን አውልቆ መልበሻ ክፍል ወረወረና ‹አንተም ዝም ብለህ ስታያቸው ኖረሃል! ይህን ክለብ አቃጥለዋለሁ!› ብሎ በነጠላ ጫማ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ልጆቹን በመኪና ላደርስ ወጣሁ። ኪዳኔ ከበሮውን በብብቱ ይዞ ወደ ክፍሉ ሲገባ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት። እንደ ልጅ አቅፎታል።» ያቆብ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «መልበሻ ክፍሉ ለኛ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ አብረን እንጸልያለን። አሁን እንዴት ነው የምገባበት?»

ሀብቴ የሚሉት ሀብተጊዮርጊስ ራሱ መጣ፤ መጠራት አላስፈለገውም። ፌኸንሃይም ውስጥ የዕቃ መላኪያ ድርጅት አለው። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የወርቅ መስቀል።

«እህቴ፣ በኔ ላይ የሚወራውን ሰምተሻል» አለ። «ክለቡን ለመውሰድ ገደለው ይላሉ።»

«ሊወስዱት ፈልገው ነበር?»

«እንዴታ! ባለቤት የሌለው ክለብ የሰፈር ኳስ ነው። ማሊያ የምገዛ እኔ፣ አውቶቡስ የምከራይ እኔ። የመልበሻ ክፍሉን የጊዮርጊስ ሥዕል እንኳ በገዛ እጄ ነው የሰቀልኩት። ከፊታቸው ቆሜ አብሬ እጸልያለሁ። ስሜ ማሊያው ላይ ይጻፍ ስል ግን ኪዳኔ ‹ደረታችንን አንሸጥም› አለኝ።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«መጋዘን። ብቻዬን።» ትከሻውን ነቀነቀ። «መጥፎ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እግር አስሬ የምሄድ ሰው እመስልሻለሁ? እኔ ብገድል ጠበቃ ነው የምጠራው።»

የተቆጣም የተሳቀቀም አይመስልም። ሰገን አስጠላት፤ መጥላቷ ግን ማስረጃ እንዳልሆነ ራሷን አስታወሰች።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ የደጋፊዎቹ አለቃ ዘገዬ ከፎቶው ሥር ተንበርክኳል። ከፊቱ ትልቁ ከበሮ አለ። በጥቁር ጨርቅ እየጠቀለለው ነበር።

«ለሐዘን ነው» አላት ቀና ብሎ። «አርባው እስኪወጣ አይመታም።» የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል። ገመዱን በግራ እጁ ዞር አደረገና ጫፉን በጥርሱ ነክሶ አጠበቀው።

«ጣትህ ምን ሆነ?»

«ከበሮ ነዋ! ሦስት ሳምንት ሆነው ከተሰነጠቀ። ጮራ ደም ነው የሚያስከፍልሽ።»

«ብሩኪን ሰድባችሁታል አሉ።»

«ኳስ ነው እህቴ! ኳስ ሜዳ ቅዳሴ አይደለም። ስድቡን ያልቻለ ቼዝ ይጫወት። ይልቅ ያ ልጅ ጋሽ ኪዳኔን ገደለብን። አባቴን ነው የገደለው። አባቴን!» ደረቱን መታ፤ ዕንባው እውነተኛ ነበር። «መጀመሪያ ቀን እዚህ ስመጣ ማን ነበረኝ? ከባቡር ጣቢያ የተቀበለኝ እሱ ነው።»

«መልበሻ ክፍሉ ውስጥስ ምን ያህል ትገባ ነበር?»

«እኔ? ሁለት ዓመት አግደውኛል፤ ደጋፊ አይገባም ብለው። እኛ ማዶ ነው ቦታችን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይናችንን ስትወጋን ትውላለች። ሀብቴ ጣራ አሠራለሁ ብሎ ነበር፤ ሀብቴና ቃል!»

ከኋላው አንድ ድምፅ «ሽቱትጋርት ያለው አጥቂ ግራ እግሩ ነው የሚሠራው?» ሲል ተሰማ። ሰገን ኮቷን አንሥታ ወጣች።

* * *

ብሩኪ የፖሊስ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እጆቹን ጉልበቱ መሐል ከቶ ተቀምጧል።

«እስከ ዓርብ ትፈቱኛላችሁ?» የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። «ቴርሚኔ ዓርብ ነው። ካመለጠኝ ወረቀቴን ይዘጉታል።»

«የምጠይቅህን መልስልኝ። ሬሳ ገንዘህ ታውቃለህ?»

«እኔ?» ግራ ገባው። «ነክቼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት እኔ ሊቢያ ነበርኩ። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት። ምን እንዳለበሱት እንኳ አላውቅም።»

«ጋሽ ኪዳኔን ለምን ሰደብከው?»

«እሱን መስደብ ስለማያስፈራ» አለ ብሩኪ ቀስ ብሎ። «እነሱ ያስፈራሉ። እሱ ይቅር ይላል።»

ቢሮዋ ስትደርስ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለ። ሰገን ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያ ወንበር ፈለገች።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የሞተ ሥጋ እንዲህ አይበልዝም» አለ ሐኪሙ። «ጣቶቹ ሲታሰሩ ሰውየው ሕያው ነበር። ራሱን ስቶ ይሆናል እንጂ ልቡ ይመታ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ለሰዓታት ኖሯል። አምቡላንስ ቢጠራለት ኖሮ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ሌላም ነገር አለ። የክሩ ሰንበር አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። መጀመሪያ ላላ ብሎ ታስሯል። ያ ተንሸራቷል። ከዚያ እንደገና፣ በጣም ጠብቆ።»

ሰገን ስልኩን ዘጋችና መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች።

* * *

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው መልበሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ያቆብ፣ ሀብተጊዮርጊስና ዘገዬ መጡ፤ ብሩኪን ደግሞ ክራውስ ይዞት ገባ። ወለሉ ታጥቧል፣ ወንበሩ ቦታው ተመልሷል። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል አለ።

ዘገዬ ብሩኪን ሲያይ ተፋ። «ከዚህ ጋር አንድ ጣራ ሥር?»

«ከመነጋገራችን በፊት ለጋሽ ኪዳኔ አንድ አባታችን ሆይ እንበል» አለች ሰገን። «ወደ ምሥራቅ ዞረን።»

ማንም አልጠበቀም ነበር፤ ግን እንቢ የሚል አልነበረም። ያቆብና ሀብተጊዮርጊስ ሳያመነቱ ወደ ሥዕሉ ዞሩ። ብሩኪ «እኔ ምሥራቁን አላውቀውም» ብሎ ባለበት ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ዘገዬ በሩ አጠገብ ወዳለው ማዕዘን ዞሮ አማተበ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰገን ብቻ ነበረች ዓይኗን ያልጨፈነችው።

«ተቀመጡ» አለች። «ጋሽ ያቆብ፣ ወደ ሥዕሉ ለምን ዞሩ?»

«ምሥራቅ ነዋ። ሁልጊዜ ወደዚያ ነው የምንጸልየው።»

«አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ሥዕሉን እዚያ ለምን ሰቀሉት?»

ሀብተጊዮርጊስ ትንሽ አፈረ። «ምስማሩ... ምስማሩ የነበረው እዚያ ነው።»

ሰገን ስልኳን አውጥታ አቅጣጫ ጠቋሚውን አሳየቻቸው፤ ሥዕሉ ያለው በሰሜን ምዕራብ ነው፣ ምሥራቁ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው ማዕዘን። ያቆብ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አየ፤ ደግሞ አየ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ወደ ሆላንድ ስንጸልይ ኖረናል ማለት ነው?»

«እግዜር ይሰማል፣ አይጨነቁ። ግን ጋሽ ኪዳኔን ያስተኛው ሰው እንደናንተ አልተሳሳተም። ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ፤ ሲነሣ ምሥራቅን እንዲያይ፣ እንደ ሥርዓቱ። ለዚህ ሲል ወንበር ገፍቶ በሰያፍ አስተኛው። ከናንተ አንዱ ቢሆን ኖሮ ቀጥ አድርጎ ወደ ሥዕሉ ነበር የሚያስተኛው፤ ቦታውም ሰፊ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ሥርዓቱን ያውቃል፣ ብሩኪ አያውቅም። ሰውየው እዚህ ክፍል ከቡድኑ ጋር ጸልዮ አያውቅም፣ እናንተ ጸልያችኋል። ግን መስኮት በሌለበት ክፍል ምሥራቁን ያውቃል። ለምን? ሁለት ዓመት ሙሉ ማዶ ቆሞ ወደዚህ ሕንፃ ሲያይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑን እየወጋችው ስለኖረ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ዘገዬ ዞረ።

«ቀልድ ነው?» አለ ዘገዬ። «ምሥራቅን ማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። እሱ ብቻ ቢሆን ዛሬ አልጠራህም ነበር። ከበሮህስ?»

«ከበሮዬ ምን ሆነ?»

«ቅዳሜ ጋሽ ኪዳኔ ነጥቆህ በብብቱ ይዞት እዚህ ገባ። ጋሽ ያቆብ አይቷል። እሑድ ለቅሶው ላይ ጥቁር ጨርቅ ስታለብሰው አገኘሁህ። ሁለት ዓመት እዚህ ገብቼ አላውቅም ብለኸኛል። ከበሮው በእግሩ ነው የወጣው?»

«እሱ... ውጭ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ።»

«ይቅርታ ጠይቀህ ነበር?»

ዘገዬ ወደ በሩ ተመለከተ።

«አልጠየቅኸኝም» አለ ብሩኪ ከጥግ። «ይቅርታ ሳትጠይቀኝ ጋሽ ኪዳኔ አይሰጥህም። ያለውን አያጥፍም።»

«አንተ ዝም በል፣ አንተ...»

«የክሩ ጫፍ በጥርስ ተጨፍልቋል» አለች ሰገን ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሁለት ጣቱ የተሰነጠቀ ሰው ቋጠሮ የሚያጠብቀው እንዴት እንደሆነ ከፎቶው ሥር አሳይተኸኛል። ክሩ ላይ ምራቅ አለ። ምርመራው የማን እንደሆነ ይነግረናል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንተው እንድትናገረው።»

ዘገዬ በፋሻ የተጠቀለሉ ጣቶቹን አየ።

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ። «ከበሮዬን ስጠኝ አልኩት። ‹መጀመሪያ የልጁን እግር ሳም› አለኝ። የዚህን! የጴንጤ እግር! ገፋሁት። በካልሲ ነበር፣ አዳለጠው። ጭንቅላቱ... ድምፁን ሰማሁት። አለቀ። ሞተ አልኩ። እንዲሁ ጥዬው ልሂድ? ፈረንጅ አግኝቶት እንደ እንጨት ደርቆ? አባቴ ነው! ዓይኑን ከደንኩለት። ካልሲውን አውልቄ፣ ያገኘሁትን ክር መዝዤ...»

«ያ መጀመሪያው ነው» አለች ሰገን። «ሁለተኛውስ?»

«ምን ሁለተኛ?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያሰርከው፣ ዘገዬ። ሁለት ሰንበር አለ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ለምን ላላ?»

ያቆብ ነገሩ ቀድሞ ገባው፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እግሩን አንቀሳቀሰ» አለ ዘገዬ በመጨረሻ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ስሜን... ዘጌ የሚል መሰለኝ። ፈራሁ። ቢነቃ ይናገራል። ደጋፊው ሁሉ አባቱን ሊገድል ነበር ይለኛል። ከዚያ ማን ነኝ እኔ? ጮራ ከሌለ እኔ እዚህ አገር ማን ነኝ?»

«ስለዚህ አጥብቀህ አሰርከው።»

«ሞቶ ነበር እኮ... ሊሞት ነበር...»

«በኪስህ ስልክ ነበር» አለች። «በእጅህ ክር ነበር። ክሩን መረጥክ።»

የእሑዱ ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ሰገን ያገኘችው መልስ አላስደሰታትም፤ እንደ መጥፎ ሽታ ልብሷ ላይ ተጣበቀ። ሕያውን የሚሰድብ፣ ሬሳን የሚያከብር፤ ስለዚህም የሚወደውን ሰው ለማክበር እስኪሞት የሚጠብቅ። እንዲህ ያለውን በካሰልም ሆነ በአዲስ አበባ ማንም አላስተማራትም ነበር።

ክራውስ ዘገዬን ይዞት ወጣ። ያቆብ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሰገን ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ እንግዲህ ጉዳዩ ከተዘጋ... የፈራይኑ ማኅተም መሳቢያው ውስጥ ነው። የውድድሩ ምዝገባ ደግሞ ሊያልቅ ነው፤ መውሰድ ይቻላል?»

«ይውጡ» አለችው። በአማርኛ ነበር፤ ግን ትዕዛዙን የጀርመን ፖሊስ ነበር የሰጠው።

* * *

ብሩኪ በዚያው ቀን ተለቀቀ። የጋሽ ኪዳኔ ሽኝት ሐሙስ ማታ፣ ከቃለ መጠይቁ አንድ ቀን በፊት ነበር፤ ሬሳው ወደ አገር ቤት ይላካል። ሰገን ረቡዕ ጠዋት ትራም ውስጥ ሆና የደጋፊዎቹን የፌስቡክ ገጽ ከፈተች። በዘገዬ መያዝ ላይ አንድ ቃል የለም። ብሩኪን «ነፍሰ ገዳይ» ያሉበት ጽሑፍ በሙሉ ጠፍቷል፤ ይቅርታ ግን አልተተካበትም። ከዚያ ይልቅ ክለቡ የማን ይሁን፣ ሽቱትጋርት ያለው አጥቂ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከበሮውን ማን ይረከብ እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰዳደቡ አድረዋል።

ከሁሉም ሥር ብሩኪ አንድ ነገር ጽፏል።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ብሩኪ ነኝ። ነገ ጋሽ ኪዳኔ ሲሸኝ ሳጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ መሆን እፈልጋለሁ። ሥርዓቱን አላውቅም። በየት በኩል እንደሚያዝ የሚያሳየኝ ሰው ይኖራል?»

ከሥሩ ያዩት ሰዎች ቁጥር ይታያል። ሰገን ትራሙ ሮደልሃይም እስኪደርስ ስልኩን ደጋግማ አየችው። ቁጥሩ ይጨምራል። ወርዳ እየሄደችም አየችው፤ ጨምሯል። የመለሰ ግን አልነበረም።